ለሰባ አራት ሰው የጻፍሁትን ሙዚቃ ለዐሥራ አንድ ልቀንሰው?

ጥያቄ፦

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ32 ዓመት ወጣት ነኝ። የተመረቅሁት በቫዮሊን ሲሆን፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአንድ ሆቴል እጫወታለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር አፍንጮ በር አካባቢ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን እሪ በከንቱ ነው።

ላለፉት አምስት ዓመታት ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚሆን አንድ ድርሰት ስጽፍ ቆይቻለሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ ኤግዚስቴንሻሊዝም የሚባለውን የህልውና ፍልስፍና ማንበብ ስጀምር ነው። ከኪርከጋርድ ተነሥቼ ወደ ኒቼ፣ ከዚያም ወደ ሳርትርና ወደ ካሙ አለፍሁ። ሰው ሳይጠየቅ ወደዚህ ዓለም መምጣቱ፣ ቢጮህ መልስ አለማግኘቱ፣ ያም ሆኖ መምረጥ ግድ የሚሆንበት መሆኑ እንቅልፍ ነሣኝ። ድርሰቱ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያውን «ሳይጠየቁ መምጣት»፣ ሁለተኛውን በልጅነት ሰፈሬ ስም «እሪ በከንቱ»፣ ሦስተኛውን «ምርጫ» ብዬዋለሁ። ሁለቱ አልቀዋል። ሦስተኛውን ግን ዐሥራ አራት ጊዜ ጨርሼው ዐሥራ አራት ጊዜ ደልዤዋለሁ። በድል ድምፅ ስጨርሰው ውሸት ይሆንብኛል፤ በዝምታ ስጨርሰው ሽሽት ይመስለኛል። ከጠቅላላው ሥራ አንድም ጊዜ ያልነካሁት፣ በሁለተኛው ክፍል ቼሎው ብቻውን በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚያንጎራጉርበትን ዐርባ ሜዠር (የኖታ ክፍልፋይ) ብቻ ነው። እሱ ያለበትን ሁለት ገጽ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሥራው ሰባ አራት ሙዚቀኛ ይፈልጋል። ያን ያህል ሰው ሰብስቦ የእኔን ድርሰት የሚያስጠናልኝ እስካሁን ስላላገኘሁ፣ የሰማሁት ከኮምፒዩተር ብቻ ነው። ባለፈው ወር ግን ዐሥራ አንድ ሆነው የተሰባሰቡ ሙዚቀኞች ፒያሳ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ከአራት ወር በኋላ ለሚያቀርቡት ዝግጅት ዐሥር ደቂቃ እንስጥህ አሉኝ። አምስት ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና አንድ ከበሮ መቺ ናቸው። መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። እሺ ብል፣ ለራስ እውነተኛ ስለ መሆን የሚናገር ሙዚቃ ጽፌ እኔው ቆራርጬ የሸጥሁት ይመስለኛል። እንቢ ብል ደግሞ ሌላ አምስት ዓመት በዚህ ሁኔታ የምቀጥል አይመስለኝም።

ሌላው ጭንቀቴ እናቴ ናት። አባቴ ድምፀ መልካም መሪጌታ ነበር። እናቴ የማነብባቸውን መጻሕፍት «የክህደት መጻሕፍት» ትላቸዋለች። ከኮምፒዩተሩ የትራምፔቱ ድምፅ ሲወጣ «ይህ ጩኸት ጆሮዬን ወጋው፤ አባትህ ቢሰማ ምን ይል ነበር?» ትለኛለች። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። አንዳንድ ሌሊት ከአራዳ ጊዮርጊስ የኪዳን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ተቀምጬ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአፍንጮ በር

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣

የሰጡህ ቀን እንዳያልፍብህ ስል ይህን መልስ አስቀድሜ በግል ልኬልሃለሁ፤ እዚህ የታተመው አንተም ስለ ፈቀድህ ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው ስለ ኦርኬስትራ ልምከርህ ቢል ስለሚያስቅ፣ የላክሃቸውን ሁለት ገጾች ይዤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቫዮሊን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ የቀድሞ ጎረቤቴን ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዝኋቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ሳይጨርሱ በማንኪያቸው የብርጭቆውን ከንፈር ቀስ እያደረጉ መምታት ጀመሩ። ቼሎው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ሲደርሱ ማንኪያው ቆመ። በአፍንጫቸው አዜሙት፤ ተመልሰውም እንደገና አዜሙት፤ ሒሳብ ሊቀበል የመጣው አስተናጋጅ እንኳ ትንሽ ቆሞ ጠበቃቸው። ከዚያ ስለ ሰባ አራቱ ሙዚቀኞችም ሆነ ስለ ፈላስፎቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ «ይህ ልጅ ቤት ማን ነው የሚያንጎራጉረው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ላንተ አስተላልፌዋለሁ።

ወደ ሙዚቃው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ሌሊት ተቀምጠህ «ይህ ሁሉ ልፋት ለምን» ስትል፣ የምትጠይቀው ስለ ድርሰቱ ነው ወይስ በሕይወት ስለ መቆየት? ካሙ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ተመልሶ የሚንከባለልበትን ድንጋይ ለዘላለም ወደ ተራራ ጫፍ እንዲገፋ በተፈረደበት በግሪክ ተረቱ ሰው በሲሲፈስ ስም በሰየመው መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሞ እንዳነሣው፣ ዓለም መልስ እንደማትሰጥ ሙሉ በሙሉ ከተቀበለ በኋላም የደረሰበት ድምዳሜ መኖር፣ ያውም ዓይንን ገልጦ መኖር እንደ ነበር አንብበሃል። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከመጽሐፉ ጥያቄውን ብቻ አስታውሶ ድምዳሜውን ሊዘነጋው ይችላል። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለምታምነው አንድ ሰው ዛሬውኑ ንገረው፤ ሳትውል ሳታድርም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሄደህ ባለሙያ አነጋግር። ሐሳቡ ባይኖርም እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ሳምንታትን ካስቆጠረ ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው። ይህን የምልህ ፍልስፍናህን እንደ በሽታ ቆጥሬ አይደለም፤ ጥያቄ ማንሣትና መድከም በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ነው።

ሳርትርን ካነሣህ አይቀር፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ባደረገው ታዋቂ ንግግር የጠቀሰውን ተማሪ ሳታስታውሰው አትቀርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንድ ወጣት ወደ እርሱ መጥቶ፣ ታላቅ ልጇ የተገደለባትንና ከእርሱ በቀር መጽናኛ የሌላትን እናቱን ትቶ ወደ እንግሊዝ በመሻገር ከነጻዎቹ ፈረንሳውያን ጋር ይሰለፍ፣ ወይስ ከእናቱ ጎን ይቆይ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሳርትር ነጻ ነህና ምረጥ ብሎ ሸኘው። በዚያው ንግግር ግን እንደ እኔ ያለውን የምክር ዓምድ አዘጋጅ እንጀራ የሚያሳጣ ነገር ጨመረበት፤ ሰው አማካሪውን ሲመርጥ ምን እንደሚመክረው አስቀድሞ በመጠኑ ስለሚያውቅ፣ አማካሪ መምረጥ ራሱ ምርጫ ነው አለ። አንተም ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ ልትጽፈው የምትችለውን ደብዳቤ፣ ስለ ትዳርና ስለ ውርስ ጠብ ለሚጻፍበት ዓምድ ላክኸው። «አትንካው፣ ሰባ አራቱ እስኪገኙ ጠብቅ» የሚል ፍርድ ፈልገህ ቢሆን ኖሮ ወደ እኔ የምትመጣ አይመስለኝም። እሺ ለማለት ልብህ አዘንብሎ፣ እሺ ማለት ክህደት እንዳልሆነ የሚነግርህ ሰው ያጣህ ትመስለኛለህ። ተሳስቼ ከሆነ ይህን ስታነብ ውስጥህ ይቆጣል፤ ያን ቁጣም እንደ መልስ ቁጠረውና እመነው።

የእኔ አስተያየት እሺ በላቸው የሚል ነው። ምክንያቴን ላስረዳህ።

ሰባ አራት የሚለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ በደብዳቤህ አልነገርኸኝም። ሙዚቃው ራሱ ጠይቆህ ነው፣ ወይስ ትልቅ ሐሳብ ትልቅ ኦርኬስትራ ይገባዋል ብለህ? መምህሩ በዚህ ነገር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ ቀን ቀን የሕይወት መድን ሥራ የሚሠራ፣ ማታና በዕረፍት ቀኑ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ የአንተን ዓይነት ሳምንት በሚገባ ያውቀው ነበር ማለት ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የጻፈውና «ያልተመለሰው ጥያቄ» የተባለው ሥራው የሚፈልገው ባለ አውታር መሣሪያዎችን፣ አራት ፍሉትንና አንድ ትራምፔትን ሲሆን፣ ርዝመቱም ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። አውታሮቹ ከሌሎቹ ርቀው፣ እጅግ በዝግታ፣ በዓለም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ትራምፔቱ አንዲት አጭር ጥያቄ ይጠይቃል። ፍሉቶቹ ሊመልሱ ይሞክራሉ፤ አይሳካላቸውም፤ ትራምፔቱ ያንኑ ይጠይቃል፤ እነርሱም በየጊዜው ይበልጥ እየተበሳጩና እየተንጫጩ ስድስት ጊዜ ይሞክራሉ። ለሰባተኛ ጊዜ ሲጠየቁ መልስ የለም፤ የሚቀረው የአውታሮቹ ድምፅ ብቻ ነው። ከእኛም ወገን ብትፈልግ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ የጻፉ ሰው ሆነው ሳለ፣ ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለተባለው የጃፓኖች ባለ አውታር መሣሪያ ብቻም ደርሰዋል፤ ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ አንድ ፒያኖ በቅቷቸዋል። የአይቭስ ሥራ በአደባባይ የተሰማው በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ከተጻፈ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የጠቀስሁልህ እንድትጽናናበት አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ሥራህን ለመስማት ሰባ ዓመት እስኪሞላህ ስትጠብቅ ማየት አልፈልግም።

መምህሩ ይህን ሲያጫውቱኝ ስድስትና ሰባት የሚለው ቁጥር ጆሮዬ ላይ ቀረ። አባትህ መሪጌታ ስለ ነበሩ የቅዱስ ያሬድን ትል ከእኔ ይበልጥ ታውቃታለህ፤ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያትን፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ላይ ደረሰች የምትባለውን ትል። አይቭስ ሰባተኛውን በዝምታ ተወው። የእኛ ትውፊት ሰባተኛውን በመውጣት ፈጸመው። ሲሲፈስ ግን ስምንተኛም አለው፣ ዘጠነኛም አለው። አንተ እነዚህን ሁሉ በአንድ ራስ ተሸክመህ አንድ መጨረሻ ለመጻፍ ስትታገል ዐሥራ አራት ጊዜ ብትደልዝ አይገርመኝም።

ደግሞስ መጨረሻው ድል ወይም ዝምታ ካልሆነ ያለህ ማን ነው? ሪቻርድ ስትራውስ በኒቼ መጽሐፍ መነሻነት በ1896 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ዛራቱስትራ እንዲህ አለ» የተሰኘው ሥራ በመክፈቻው ጩኸት ዝነኛ ይሁን እንጂ፣ መምህሩ የሚወዱት መዝጊያውን ነው። ላይ ያሉት መሣሪያዎች በቢ ሜጀር ቀስ ብለው ሲያርፉ፣ ከታች ኮንትራባሶቹና ቼሎዎቹ አውታራቸውን በጣታቸው እየነኩ የሲ ድምፅ ያሰማሉ፤ ሁለቱ ድምፆች ጎረቤት ሆነው ሳይታረቁ ሙዚቃው ያልቃል። ሽሽትም አይመስልም፤ ድልም አይደለም። እዚህ ላይ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር፣ ስትራውስ ራሱ የፍልስፍና ሙዚቃ ለመጻፍ እንዳላሰበ መናገሩ ነው። ኒቼ በበኩሉ ሙዚቃ ይደርስ ነበር፤ በ1872 እ.ኤ.አ. አንዱን የፒያኖ ሥራውን ለታወቀው ኦርኬስትራ መሪ ለሃንስ ፎን ቢውሎ ልኮ የደረሰበት ዘለፋ ለጠላት የሚመኙት አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የፈላስፎችህን ስም ከወረቀት ላይ ያነብብ ይሆናል እንጂ አይሰማውም። የሚሰማው ቼሎውን ነው።

ስለ «እሪ በከንቱ» ደግሞ ይህን ልበልህ። የሰፈርህ ስም የወጣው፣ በዚያ ገደላማ ስፍራ የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል ደራሽ ስላልነበረው ነው ይባላል። ሰው ይጣራል፣ ዓለም ዝም ይላል፣ ከንቱነት የሚወለደው ከሁለቱ መፋጠጥ ነው ብሎ ካሙ በብዙ ገጽ ያብራራውን፣ የአዲስ አበባ ሰው በሁለት ቃል የሰፈር ስም አድርጎት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሰዎች እዚያው ጎጆ ቀለሱ፣ ቡና አፈሉ፣ ልጅ ዳሩ፣ ዕድር ገቡ፤ አንተንም አሳደጉህ። ስሙንም አልለወጡትም። «ምርጫ» ያልኸውን ሦስተኛ ክፍል መጨረስ ያቃተህ እንዲህ ያለውን ነገር ከመጻሕፍቱ ውስጥ ስትፈልግ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ አንተ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግርህ ወርደህ፣ ወረቀትም ስልክም ሳታወጣ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያ የሚሰማውን ብቻ ብታዳምጥ ደስ ይለኛል።

ለዐሥራ አንዱ እንግዲህ ሙሉውን ሥራ አጥብበህ አትስጣቸው። ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ስጣቸው፤ ዐሥር ደቂቃም የሚበቃው ለእርሱ ነው። የመጀመሪያውና ሦስተኛው የትም አይሄዱም፤ የሰባ አራቱ ሙሉ ኖታም (ስኮሩ) እንዳለ በኮምፒዩተርህ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን ስታደርግ ሥራህን የምትቆርጥ ከመሰለህ መምህሩ ያሉኝን ላካፍልህ፤ «ሰባ አራት ሰው ሲጫወት አንዱ የሌላውን ስሕተት ይሸፍናል፤ ዐሥራ አንድ ሲሆኑ ደራሲው የሚደበቅበት የለውም» ነው ያሉት። አሠራሩንም እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። በመጀመሪያ በአንድ ሜዠር ውስጥ ሁለትና ሦስት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነገር የሚጫወትበትን ሁሉ አውጥተህ፣ የቀረው በራሱ ይቆም እንደ ሆነ ተመልከት። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ከመነሻው ድምፅ በላይ፣ የምዕራባውያኑ ሙዚቃ የሚያርፍባት አምስተኛዋ ድምፅ የለችም፤ ስለዚህ ትሮምቦኑም ሆነ ኮንትራባሱ ያቺን ድምፅ ከሥር ጨምሮ በግድ እንዳያሳርፈው ተጠንቀቅ፤ የማያርፍ መሆኑ ነውና ለሐሳብህ የሚስማማው። በየረድፉ አንድ ሰው ብቻ ያላቸውን አውታሮች እንደ ትራምፔትና ትሮምቦን ያለ የናስ መሣሪያ በቀላሉ ይውጣቸዋል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ይህን አይነግርህም፤ እርሱ ድምፁን እንዳሻህ ስለሚያስተካክልልህ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያባብልህ ኖሯል። መምህሩ ያመጡት መላ ትራምፔቱን ከመድረክ አውርዶ ከአዳራሹ በር ውጭ ማቆም ነው። በሩ በግማሽ ተከፍቶ ድምፁ ከሩቅ፣ ከገደል እንደሚመጣ ሆኖ ይገባል፤ ውስጥ ያሉት ይሰሙታል፤ ማንም ግን አይወጣለትም። ይህን ሲሉኝ እኔ ኖታ የማላነበው ሰውዬ ጸጉሬ ቆመ።

የቀረው የጉልበት ሥራ ነው። ዛሬውኑ ደውለህ እሺ በላቸው፤ በዚያው ስልክ ለመጀመሪያው ንባብ የምትገናኙበትን ቀን፣ ከዛሬ ስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ አስቆርጥ። ለእያንዳንዱ ሰው ፓርቱን፣ ማለትም እርሱ ብቻ የሚጫወተውን ክፍል፣ በትልልቅ ኖታ አትመህ፣ ገጽ መገልበጫው ዕረፍት ላይ እንዲወድቅ አድርገህ ስጥ። የአልቶ ሳክስፎኑን፣ የክላሪኔቱንና የትራምፔቱን ፓርት በየመሣሪያቸው የድምፅ ቁልፍ (ኪይ) አዛውረህ መጻፍህን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፤ ብዙ የመጀመሪያ ልምምድ በዚህ አንድ ስሕተት ባክኗል አሉኝ። ንባቡን በስልክህ ቅዳውና ለሦስት ቀን አትስማው። በአራተኛው ቀን ስትሰማው፣ ከመደለዝህ በፊት በትክክል የሠራልህን ቦታ በእርሳስ ክበብ አድርግበት። መደለዝ እንደሆነ አይጠፋህም።

አሁን ወደ እናትህ ልመለስ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ከሙዚቃው ይልቅ ረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ የእርሳቸው ነገር ነው። አባትህ ያረፉት የዛሬ አምስት ዓመት እንደ ሆነ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጠቅሰህ አልፈሃል። ድርሰቱን የጀመርኸውም የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ምናልባት የአጋጣሚ ነገር ይሆናል፤ እኔም እንደ ጠንቋይ ልተነብይልህ አልፈልግም። ግን አስበኸው ታውቃለህ? በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰው እያለቀሱ፣ አንደኛው በጸሎት፣ ሌላው በኖታ፣ አንዱ የሌላውን ልቅሶ ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። «አባትህ ቢሰማ ምን ይል ነበር?» የሚለውን እስካሁን እንደ ተግሣጽ ሰምተኸው ይሆናል። እስቲ አንድ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ስትቀመጡ፣ እንደ ጥያቄ ተቀብለህ «አንቺስ ምን ይል ነበር ትያለሽ?» ብለህ መልስላቸው። ከዚያ አትቸኩል፤ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ዝም በል። ስለ ዜማ ደረጃ፣ ስለ አባትህ ድምፅ፣ ሌሊት ለማኅሌት ሲወጡ ስለሚያሰሙት የበር ድምፅ ቢያወሩህ፣ ያ ለድርሰትህ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ነው።

ስለ መጻሕፍቱም ቢሆን ለመታረቅ የሚያስችል መንገድ አለህ። በካሙና በሳርትር አትጀምር። ኪርከጋርድ ክርስቲያን ነበር፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ፍርሃትና መንቀጥቀጥ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሰላስለው አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ይዞ ወደ ሞሪያ የሄደበትን ታሪክ ነው። እናትህ ይህን ታሪክ ከአንተም ከኪርከጋርድም አስቀድመው ያውቁታል። በሦስተኛው ቀን ቦታውን ከሩቅ አየ ይላል መጽሐፍ ቅዱስ፤ በእነዚያ ቀናት መንገድ ላይ አባትና ልጅ ምን እንደ ተነጋገሩ ግን ብዙም አይነግረንም። ይህን ጠይቃቸው። የኪርከጋርድ መጽሐፍ ክህደት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ሳታነሡ ስለ አብርሃም ዝምታ ለግማሽ ሰዓት ልታወሩ ትችላላችሁ። በተቃራኒው በድርሰትህ ውስጥ ከአባትህ ዜማ የተወሰደ ነገር ካለ፣ ለጸሎት የተሰጠን ዜማ ወደ አዳራሽ ማውጣት ለእርሳቸው ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ከመድረኩ በፊት በግልጽ ንገራቸው፤ ቢያዝኑብህም በወሬ ከሚሰሙት ይሻላል። እንዲቀር ቢለምኑህ ምን እንደምታደርግ ግን እኔ ልወስንልህ አልችልም፤ ያ እውነተኛው ምርጫህ ሊሆን ስለሚችል።

የመምህሩን ጥያቄም አትርሳ። ቤታችሁ ማን ነው የሚያንጎራጉረው? ዐርባውን ሜዠር በቫዮሊንህ፣ ትራምፔትም ኮምፒዩተርም ሳይኖር፣ እናትህ ጓዳ ሳሉ ቀስ ብለህ ተጫወተውና፣ እጃቸው ሥራውን ይተው እንደ ሆነ ተመልከት። ከዚያ ወደ አንዱ ልምምድ ይዘሃቸው ሂድ፤ በዝግጅቱ ቀን በሰው መካከል ከሚደነግጡ፣ ሙዚቀኞቹ በሹራብ ተቀምጠው ሲሳሳቱና ሲሳሳቁ ቢያዩ ይሻላል።

ለዝግጅቱ ዕለትም አንድ ነገር ከወዲሁ ያዝልኝ። ትራምፔቱን ከበሩ ውጭ የምታቆመው ከሆነ፣ እናትህን ከበሩ አጠገብ እንዳታስቀምጣቸው፤ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል፣ ከቼሎው ፊት ለፊት ወንበር ያዝላቸው።